ባዶው ካሶኒ፦ የመጀመሪያዎቹ የጦር ካሚዮኖች በትንንሽ ሞዴል

ታንክ ለመጀመሪያ ጊዜ ጦር ሜዳ ላይ የታየው በሴፕቴምበር 15 ቀን 1916 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር የአውሮፓውያን ናቸው።) እንግሊዞች ለዚያ ዕለት በሶም ግንባር የመደቧቸው 49 ታንኮች ሲሆኑ፣ ሲሶ ያህሉ ከመነሻው መስመር እንኳ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ቀርተዋል። ከዚያ ሰባት ወር ቀደም ብሎ ጀርመኖች ቬርደንን ማጥቃት ሲጀምሩ ከተማዪቱን ከመውደቅ ያዳናት ከባር ለ ዱክ የሚመጣ፣ ስፋቱ 7 ሜትር ያህል የሆነ አንድ የገጠር መንገድ ነበር። ዋናው የባቡር መስመር ተቆርጦ ስለነበር 3,500 ያህል ካሚዮኖች በዚያ መንገድ ቀንና ሌሊት ተመላለሱ። በአማካይ በየ14 ሴኮንዱ አንድ ካሚዮን ያልፍ ነበር፤ በሳምንት 50,000 ቶን ጭነትና 90,000 ሰው ይጓጓዝበት ነበር። ከሁለቱ የትኛው በጦርነቱ ውጤት ላይ ይበልጥ ከበደ ቢባል የታሪክ ተማሪ መልሱ አይጠፋውም። የተገጣጣሚ ሞዴል መደርደሪያ ላይ ግን ሚዛኑ ተገልብጦ ይገኛል፤ የዚያ ዘመን ታንክ በየመጠኑና በየሠሪው ሳጥን ሞልቶ ሲቀርብ፣ የቬርደንን መንገድ የሞላው የሊዮኑ ቤርሊየ ካሚዮን ግን አጥብቆ ለሚፈልግ ካልሆነ በቀር እጅ አይገባም።

ይህ ዳሰሳ የሚያነሣው ጥያቄ የመጀመሪያዎቹ የጦር ካሚዮኖች ተገጣጣሚ ሞዴሎች ከምን ደረጃ ደረሱ፣ ስለ እውነተኛውስ ካሚዮን ምን ያህል እውነት ይነግሩናል የሚል ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ሞተሩ፣ ሻንሲውና እግሩ ባለፉት ዐሥር ዓመታት ገደማ ከዚያ በፊት ባልታየ ጥራት ተሠርተዋል። ጭነቱ ግን ገና አልተሠራም፤ ካሚዮን ደግሞ ያለ ጭነቱ የታሪኩ ግማሽ ነው። ሞዴል ሠሪውም፣ ሞዴል ገምጋሚውም፣ ገዢውም ዓይናቸውን ከብሎን ቆጠራ አንሥተው ወደ ካሶኒው፣ ማለትም ጭነት ወደሚጫንበት የኋላ ሳጥን፣ ሊያዞሩ ይገባል የሚለው የዚህ ጽሑፍ ክርክር ነው። ይህንን ለማለት ግን መጀመሪያ ካሚዮኑ ለምን ይህን ያህል ዘመን ከመደርደሪያው ጠፍቶ እንደቆየ፣ ከዚያም አሁን ምን እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል።

የተገጣጣሚ ሞዴል ዋጋ ያለው በፕላስቲኩ ውስጥ አይደለም፤ በቅርጽ ማውጫው ብረት ውስጥ ነው። የቀለጠ ፖሊስቲሪን በኃይል የሚገፋበት የብረት ቅርጽ ለመቅረጽ ረጅም ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ወጪው የሚመለሰውም ብዙ ሺ ሳጥን ሲሸጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው የሚመርጠው ገዢው በስሙ የሚያውቀውንና መድፍ ያለበትን ነው። ዛሬ በወታደራዊ ሞዴል ዓለም የበላይ የሆነው የ1፡35 ስኬል ራሱ የተወለደው ከታንክ ነው፤ የጃፓኑ ታሚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጀርመኑን ፓንተር ሲሠራ መጠኑን የወሰነው በውስጡ ሊገቡ የሚገባቸው ባትሪና ሞተር እንደነበሩ ይታወቃል። ታንኩ በባትሪ ሲሄድ ልጆች ይወዱት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ያንን ልኬት ተከትሎ መጣ። በእንግሊዝ አገር ኤርፊክስ በ1967 የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት ታንክ በትንሽ ስኬል ሲያወጣም መንገዱ ያው ነበር። በዚሁ ዘመን ኤርፊክስ የለንደንን ቢ-ታይፕ አውቶቡስ ወታደር ጭኖ ወደ ፈረንሳይ እንደሄደበት ሁኔታ በ1፡32 አውጥቷል። ግሩም ሥራ ነበር፤ የተመረጠው ግን የለንደን ሰው አውቶቡሱን ስለሚወደው እንጂ ጦርነቱ በምን እንደተጓጓዘ ለማስረዳት ታስቦ አልነበረም። በ2014 የጦርነቱ መቶኛ ዓመት ሲቃረብም ሜንግና ታኮም የተባሉት የቻይና ሠሪዎች መጀመሪያ የተሽቀዳደሙት በታንኩ ነበር።

ካሚዮኑን ከዚህ ጥላ ያወጡት በተለይ ሁለት የኪየቭ ሠሪዎች ናቸው። አይ.ሲ.ኤም. በ1፡35 የ1917ቱን ፎርድ ሞዴል ቲ አምቡላንስ አወጣ፤ በዚያው ሻንሲ ላይ መትረየስ የተጠመደበትን የበረሃ ቃኚ መኪና ጨመረ፤ ቀጥሎ የአሜሪካውን ስታንዳርድ ቢ “ሊበርቲ” ካሚዮንና አራቱም እግሩ የሚነዳውን ኤፍ.ደብሊው.ዲ. ታይፕ ቢን አመጣ። በማርን ጦርነት ወታደር ያመላለሰውን የፓሪስ ታክሲም ሠርቷል። ሚኒአርት ደግሞ ያንኑ ቢ-ታይፕ አውቶቡስ በ1፡35፣ የጦር ሠራዊቱን ሞዴል ጭምር አቅርቧል። ሮደን በ1፡72 ኤፍ.ደብሊው.ዲ.ውን ከእነርሱ ቀድሞ ሠርቶ ስለነበር ለመንገዱ መጥረግ ምስጋና ሊቸረው ይገባል። የእነዚህ ሣጥኖች ብዛት ከታንኩ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ከእነርሱ በፊት የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት ካሚዮን መሥራት የፈለገ ሰው የነበረው ምርጫ በጥቂት ቅጂ የሚወጣ ውድ የሬዚን ሥራ መግዛት ወይም ከባዶ ፕላስቲክ ቆርጦ መሥራት እንደነበረ ለሚያስታውስ ለውጡ ትልቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅርብ ቢታይ ይጠቅማል፤ የሊበርቲን ሳጥን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ሻንሲ ነው። ሁለት ረጃጅም የብረት ክንዶች፣ በመካከላቸው መስቀለኛ ማሠሪያዎች፣ በአራቱ ጫፍ ባሌስትራዎች። ከዚያ ሞተሩ በፊት ይቀመጣል፤ ካምቢዮው ይከተላል፤ ከካምቢዮው ወደ ኋላ አክሰል የሚሄደው ዘንግ ይገጠማል። ኮፈኑ ተነሥቶ ቢቀር ሞተሩ ይታያል፤ ካሶኒው ሳይገጠም ቢዘገይ ኃይሉ ከሞተር እስከ ጎማ የሚሄድበት መንገድ በጣት እየተጠቆመ ሊነገር ይችላል። ታንክ ይህንን አያደርግም። የታንክ ሞዴል ዋናው ሥራ መሸፈን ነው፤ ሠሪው ውስጡን ቢሠራለት እንኳ ጣሪያው ሲዘጋ ሁሉም ይጠፋል። የጥንቱ ካሚዮን ግን ምንም የሚደብቀው ነገር የለውም፤ የሹፌሩ ክፍል በር የለውም፣ መስታወቱም ብዙ ጊዜ የለም፣ ማኖቬላው ከራዲያተሩ ሥር ተንጠልጥሎ ይታያል። ለማስተማሪያነት ከታንክ ይሻላል የምለው በዚህ ነው። ኤፍ.ደብሊው.ዲ.ው ላይ ትምህርቱ እንዲያውም ይደምቃል፤ ከዊስኮንሲኗ ክሊንተንቪል ከተማ የወጣው ይህ ካሚዮን ኃይሉን ከመካከለኛ ማከፋፈያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሁለት ዘንግ ስለሚልክ፣ ሞዴሉን ገልብጦ ሆዱን ያየ ሰው አራት እግር የሚነዳ መኪና እንዴት እንደሚሠራ ያለ መጽሐፍ ይገባዋል።

“አሻንጉሊት ነው፣ ስለ ታሪክ ምን ሊናገር ይችላል” የሚል መቃወሚያ ይነሣል። የተለጣጠፈ ፕላስቲክ ሰነድ አይደለም፤ እስማማለሁ። ግን የዚያ ዘመን ካሚዮን ራሱ ተገጣጣሚ ነገር እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። የአሜሪካ ፊልድ ሰርቪስ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች አምቡላንስ ድርጅት ወደ ፈረንሳይ ያስመጣቸው ፎርዶች በሳጥን ታሽገው እንደ ሻንሲ ብቻ ነበር የሚደርሱት፤ የእንጨት አካላቸውን ፓሪስ አጠገብ ያለው የኬልነር ሠረገላ ቤት ይሠራላቸው ነበር። ሦስት ቁስለኛ ተኝቶ ወይም አራት ተቀምጦ የሚሄድበት ያ የእንጨት ሳጥን በቀላል ሻንሲ ላይ የተጫነ ተጨማሪ ነገር ነው፤ አይ.ሲ.ኤም. አንዱን ሻንሲ ለአምቡላንስም ለመትረየስ መኪናም ሲጠቀምበት ፎርድ ያደረገውን ነው የደገመው። የሊበርቲማ ታሪኩ በሙሉ የመገጣጠም ታሪክ ነው። የአሜሪካ ጦር ዓይነቱ የበዛ ተሽከርካሪ ይዞ በመለዋወጫ ሲቸገር፣ የሠራዊቱ ስንቅና ትጥቅ ክፍልና የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር በ1917 ተቀምጠው አንድ ወጥ ንድፍ አወጡ፤ ከ9,000 በላይ ካሚዮኖች 15 በሚሆኑ ፋብሪካዎች ተገጣጠሙ፤ ከአንዱ ፋብሪካ የወጣ ካምቢዮ ከሌላው ፋብሪካ በወጣው ሻንሲ ላይ ያለ ሞረድ እንዲገባ ታስቦ ነበር። ይህንን ካሚዮን ከፍሬሙ እየቆረጠ የሚገጥም ሰው የንድፉን ዋና ሐሳብ በእጁ እየደገመው ነው። ታሪክ በእጅ ሲገባ ከዓይን ይልቅ ይቆያል።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከበድ ይላል፤ የሚያነሡትም ባለሙያዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሞዴሉ ትክክል አይደለም ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ስሕተቱ የሠሪው ስንፍና ብቻ ተደርጎ መታየቱ አያስኬድም። ሒሳቡ ይታይ፦ በ1፡35 አንድ ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ በእውነተኛው ዓለም 35 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ የባሌስትራ ቅጠል 8 ሚሊ ሜትር ቢወፍር በሞዴሉ ላይ ከሩብ ሚሊ ሜትር ያነሰ መሆን አለበት። የካሶኒው ጣውላ 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ 0.7 ሚሊ ሜትር፤ አንድ ሚሊ ሜትር የሚወፍረው የሸራ መሸፈኛ ደግሞ 0.03 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከሲጋራ ወረቀት ውፍረት የሚቀራረብ ነው። ፕላስቲኩ ግን ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን የቅርጹን ጥግ ሁሉ መሙላት ይቸግረዋል። ስለዚህ ባሌስትራው እንደ አንድ ወፍራም ድፍን ተሠርቶ ላዩ ላይ መስመር ይጫርበታል፤ ሸራው የ17 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ ይመስላል፤ ካቴና ያላቸው ካሚዮኖች ላይ ደግሞ የካቴናው ዓይኖች ሳይበሱ ይቀራሉ፣ ካልሆነም በቀጭን ነሐስ ተቆርጠው ለብቻ ይሸጣሉ። የጣውላው ሥር ሥርም እንዲሁ ነው። በ35 እጥፍ የሚያንስ እንጨት ላይ የእንጨቱ ሥር በዓይን ሊታይ አይችልም፤ ሠሪዎቹ ግን “እንጨት” መሆኑ እንዲታወቅ አጉልተው ይቀርጹታል። እኔ ይህን እንደ ስሕተት አላየውም፤ ሠዓሊ ጨለማን በሰማያዊ እንደሚያሳይ ሁሉ የቋንቋ ጉዳይ ነው። የማይታለፈው ስሕተት ሌላ ነው፤ ባሌስትራው ባዶ ካሚዮን የተሸከመ ይመስል ጎብጦ መቅረቱ። ሦስት ቶን የጫነ ካሚዮን ባሌስትራው ተዘርግቶ ሊስተካከል ይደርሳል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ባሌስትራ ግን ሁልጊዜ ባዶ መኪና ነው የሚያውቀው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የቀለምና የምንጭ ጉዳይም በዚሁ ሥር ይገባል። ሞዴል ገጣጣሚዎች “ካኪው አረንጓዴ ይበዛበታል፣ ቡናማው ያንሰዋል” እያሉ ብዙ ይከራከራሉ። የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ብዙው ሰሌዳ ለቀይ ብርሃን ዕውር ነበር፤ ቀይ መስቀል ጠቆር ብሎ፣ ሰማያዊ ደግሞ ነጣ ብሎ ይወጣል። ከእንዲህ ያለ ፎቶግራፍ የካኪን ዓይነት ለይቶ መናገር በጭጋግ ውስጥ መንገድ እንደመፈለግ ነው። ሙዚየም ውስጥ የቆሙት እውነተኛ መኪናዎችም ፍጹም ምስክሮች አይደሉም። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ሺ የጦር ካሚዮኖች ለአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤቶች ተሰጥተዋል፤ እዚያም ድፍኑ ጎማቸው በአየር ጎማ ሲለወጥ፣ ካሶኒያቸው ሲቀየር፣ ፋኖሳቸው በኤሌክትሪክ ሲተካ ኖሩ። የዛሬ እድሳት ባለሙያ የቻለውን ያህል ወደ ጥንቱ ይመልሳቸዋል፤ ሞዴል ሠሪው ደግሞ የታደሰውን ይለካል። በዚህ ሰንሰለት ላይ ስሕተት ቢገባ አይገርምም። ጥሩ ሠሪ ፎቶግራፉን፣ የፋብሪካውን ንድፍና የቆመውን መኪና አንዱን በሌላው እየፈተነ ይሄዳል፤ የኪየቭ ሠሪዎች ሻንሲዎች ላይ ይህ ጥንቃቄ ይታያል።

ጎማው ለብቻው አንድ ቃል ይገባዋል፤ ከካሚዮኑ ክፍል ሁሉ ታሪክ አብዝቶ የተሸከመው እርሱ ነውና። የሊበርቲና የኤፍ.ደብሊው.ዲ. ጎማ ድፍን ላስቲክ ነው፤ አየር የለውም፣ ካመዳሪ የለውም፣ ከመሬት ጋር ሲገናኝ አይተኛም። ለዘመናዊ መኪና ሞዴል የለመደ እጅ ግን ጎማውን ከሥር ሞርዶ “ክብደት” ሊሰጠው ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ያ ልማድ ስሕተት ነው። ክብደቱ የሚታየው ከጎማው በታች ባለው መሬት ላይ ነው፤ መንገዱ ይቆረጣል። የጀርመንን ካሚዮን ለሚሠራ ሰው ደግሞ ጎማው የእገዳ ታሪክ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የባሕሩን መንገድ ስለዘጋው ላስቲክ ጠፋ፤ ጀርመኖች በቸርኬው ዙሪያ ብረትና የብረት ሞላ እያሠሩ መንዳት ጀመሩ። ብረት እግር ያለው ካሚዮን በድንጋይ መንገድ ላይ ሲሄድ ሞተሩንም ሹፌሩንም መንገዱንም ይሰብራል። በ1918 የጀርመን ሠራዊት ግንባር ሰብሮ ገብቶ ስንቁ ሊከተለው ያልቻለው ለምን እንደሆነ ማስረዳት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ጎማ ቢጀምር ጥሩ ጅምር ይሆንለታል።

አሁን ወደ ካሶኒው። ከላይ የጠቀስኋቸው ሳጥኖች አብዛኞቹ ሲገጠሙ የሚሰጡት ባዶ ካሚዮን ነው። አይ.ሲ.ኤም. ሹፌሮችን ለብቻ አውጥቷል፤ ያ መልካም ጅምር ነው። ጭነቱን ግን ገጣጣሚው ከሌላ ቦታ እንዲፈልግ ተትቷል። ብዙ ገጣጣሚ ካሚዮኑን አሳምሮ ቀብቶ፣ በጭቃ ረጭቶ፣ ዝገት ጨምሮ፣ ባዶ ካሶኒ አስከትሎ ለውድድር ያቀርበዋል፤ ዳኛውም ብሎኑን ቆጥሮ ይሸልመዋል። ይህንን ከቬርደን መንገድ ጋር ማስተያየት ይገባል። ካፒቴን ኤሜ ዱመንክ ያደራጁት ያ መንገድ ሕግ ነበረው፦ በእግር የሚሄድ ሠራዊትና በፈረስ የሚጎተት ጋሪ አይገባበትም፤ ካሚዮን ሲበላሽ ሌላው ቆሞ አይጠብቀውም፣ ወደ ዳር ይገፋል። ከሁሉ የሚገርመው መንገዱ የሚጠገንበት አኳኋን ነበር። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ቅዝቃዜው ለቅቆ መሬቱ ሲሟሽሽ መንገዱን ዘግቶ መጠገን አይቻልም ነበር፤ ስለዚህ ዕድሜያቸው የገፋ ተጠባባቂ ወታደሮች መንገድ ዳር ተሰልፈው በአካባቢው ካባ የተፈለፈለ የኖራ ድንጋይ በአካፋ ከሚያልፉት ጎማዎች ሥር ይወረውሩ ነበር፤ ካሚዮኖቹ ራሳቸው በድፍን ጎማቸው እየደመደሙት ያልፋሉ። እንግዲህ ካሚዮኑ ጭነቱንም መንገዱንም የሠራው በአንድ ጊዜ ነው። ይህንን ሁሉ ባዶ ካሶኒና ንጹሕ የእንጨት መደብ ሊነግረን አይችልም። የተዘረጋ ባሌስትራ፣ ሸራው ሥር የታጨቀ ጥይት፣ ከኋላ ጎማው ሥር ነጭ የኖራ ጠጠር ያለበት ካሚዮን ግን ይነግረናል፤ ቀለሙ ቢሳሳት፣ ብሎኑ ቢጎድል እንኳ።

እዚህ ላይ የታሪክ ሰው የሚያነሣው መቃወሚያ አለ፤ ከተነሡት ሁሉ ጠንካራው እርሱ ይመስለኛል። ያ ጦርነት የካሚዮን ጦርነት አልነበረም፣ የባቡርና የፈረስ ጦርነት ነበር ይላል። የቬርደን መንገድም ልዩ አጋጣሚ ነው፤ ባቡሩ ባይቆረጥ ኖሮ ካሚዮኑ ያንን ያህል አይፈለግም ነበር። የፓሪስ ታክሲዎችም ቢሆኑ 600 ያህል ሆነው ያጓዙት ጥቂት ሺ ወታደር ነው፤ በማርን የተሰለፈው ሠራዊት ብዙው በባቡርና በእግሩ ነው የመጣው። የቁጥሩ ማስረጃ ደግሞ ለመቃወሚያው ያደላል፦ እንግሊዝ በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ወደ ፈረንሳይ ያጓጓዘችው ጥይት 5.2 ሚሊዮን ቶን ያህል ሲሆን ለእንስሳት የሄደው ድርቆሽና አጃ 5.4 ሚሊዮን ቶን ነበር። ከጥይት ይልቅ የፈረስ መኖ በዛ። ይህንን ቁጥር እቀበላለሁ። ታክሲው በሳጥን የታተመው ዝናው ስላለ መሆኑንም እቀበላለሁ፤ ዝና ሲመርጥ ታሪክ እንደሚዛባ ከላይ በታንኩ አይተነዋልና ካሚዮኑም ከዚህ ነጻ አይደለም። ነገር ግን መቃወሚያው የካሚዮኑን ቦታ ያጠራል እንጂ አያጠፋውም። ባቡር ሐዲዱ ካለቀበት ወዲያ ምን ነበር? ከባቡር ጣቢያው እስከ ግንባሩ ኋላ ያለው 20 እና 30 ኪሎ ሜትር በፈረስ ብቻ ሲሸፈን ፈረሱ የሚበላውን መኖ የሚያመላልስ ሌላ ፈረስ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ሠራዊት በኦገስት 1914 የራሱ የሆነ ተሽከርካሪ ከ100 በታች ነበረው፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ካሚዮኑ ብቻ በብዙ ዐሥር ሺ ይቆጠር ነበር። ይህ እድገት የመጣው ፈረሱ ስለቀረ አልነበረም፤ ፈረሱም ሰዉም መድፉም የሚበላው ስለበዛ ነበር። ካሚዮኑ የተጨመረው በባቡሩና በፈረሱ መካከል ነው፤ መካከል ላይ የቆመ ነገር ደግሞ ምንጊዜም ጭነቱ ካልታየ ማንነቱ አይታወቅም። መቃወሚያው ራሱ ወደ ካሶኒው ይመራናል ማለት ነው።

የጦር ዕቃን ማሳመር ጦርነትን ማሳመር ነው የሚለውም ሊታለፍ የማይገባ ቅሬታ ነው። እኔ ይህ ቅሬታ ባዶውን ካሚዮን ይበልጥ ይመለከታል ብዬ አምናለሁ። ባዶ ካሚዮን የአሮጌ መኪና ውበት ብቻ ይቀረዋል፤ ናሱ ያብረቀርቃል፣ የእንጨቱ እግር ያምራል፣ ለምን እንደተሠራ ይረሳል። በፎርዱ አምቡላንስ ውስጥ ግን ሦስት ቃሬዛ ከገባበት በኋላ ማንም ሰው ውበቱን ብቻ ሊያይ አይችልም። የኋላው የሸራ መጋረጃ ተገልጦ የቁስለኛ ቦት ጫማ ከጠርዙ ወጣ ብሎ ሲታይ ሞዴሉ መኪና መሆኑ ቀርቶ ሌላ ነገር ይሆናል። ጥይት የጫነውም እንዲሁ፤ ወደ ላይ የሚሄደውና ወደ ታች የሚመለሰው ጭነት ምን እንደሆነ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ከብዙ ንግግር የበለጠ ይናገራል።

ስለ ካሚዮን በአማርኛ ሲጻፍ አንድ ነገር ሳይነሣ አይቀርም፤ የምንጽፍበት ቃል ራሱ በጭነት የመጣ ነው። ካሚዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ፓራፋንጎ፣ ካሶኒ፤ ጋራዥ ውስጥ ዛሬም የሚነገረው ጣሊያንኛ ነው። የወራሪው የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶልዮ በ1928 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የገሠገሡት ከ1,700 በላይ በሚሆኑ ተሽከርካሪዎች ነበር፤ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተንዶ ስለጠበቃቸው መንገዱ እስኪጠገን ያ ሁሉ ካሚዮን ቆሞ ነበር፤ ሚያዝያ 27 ቀን ከተማዪቱ ገቡ። የዚያን ጦርነት ሞዴል የሚፈልግ ሰው ዛሬ ብሮንኮ የተባለው ሠሪ ያወጣውን ትንሿን ሲ.ቪ. 33 ታንክ ያገኛል፤ ራስ እምሩ በሽሬ ግንባር ደምበጉና ላይ የማረኳትና ያቃጠሏት ዓይነት ናት። ካሚዮን ሲፈልግ በጅምላ ከሚወጡት መካከል ፊቱ የሚመጣው ላንቺያ 3ሮ ነው፤ እርሱ ደግሞ የ1938 ሥሪት ስለሆነ በዚያ ዘመቻ አልነበረም። ባለ መትረየሷ ትንሽ ታንክ ተሠርታ፣ ያንን ዘመቻ የተሸከመው ካሚዮን ተረስቷል፤ የአውሮፓው መደርደሪያ መዛባት እኛ ጋ ሲደርስም ያው ነው። የጣርማ በርን ዳገት በአንድ ሜትር ሰሌዳ ላይ ሠርቶ፣ የተናደውን መንገድና ከኋላው የተደረደሩትን ጭነት ያበዙ ካሚዮኖች ያስቀመጠ ሰው ስለዚያ ሚያዝያ የሚናገረው ነገር ከአንዲት ታንክ ይበልጣል።

የጭነቱ ነገር በፋብሪካ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። አሁን በየቤቱ እየገባ ያለው ባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ የጥይት ሳጥንና በርሜል በቀጭኑ ማውጣት ችሏል፤ ባሌስትራውንም ቅጠል በቅጠል ማተም ይቻላል። ሆኖም ከሁሉ የሚከብደውና ከሁሉ እውነተኛው ጭነት ማተሚያ አያስፈልገውም። ያንን የ5.4 ሚሊዮን ቶን ቁጥር ይዞ ለሚነሣ ገጣጣሚ ትክክለኛው የካሶኒ ጭነት ድርቆሽ ነው። አንድ የድርቆሽ ዘንግ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን በ1፡35 የፀጉር ውፍረት ይሆናል፤ ለዚህ ከሳጥን የሚወጣ ምንም ነገር አይበቃም፤ በደንብ ተፍተልትሎ የቀጠነ የእንሰት ቃጫ ግን ይበቃል። ቃጫው በመቀስ ይከተከታል፤ በውኃ የቀጠነ ሙጫ ይነከርና በትንሽ የካርቶን ሳጥን ውስጥ ተጠቅጥቆ ይደርቃል፤ ሲወጣ ጠርዙ ይቧጨራል፤ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ሁለት ቦታ ይታሠራል። ሃያ ያህሉ ተደርድሮ ካሶኒው ሲሞላ ባሌስትራው ተቆርጦ ይዘረጋል፣ ገመዱ በላዩ ይወጠራል። ከዚያ ሊበርቲው፣ 15 ፋብሪካ የተባበረበት የዘመኑ ታላቅ ካሚዮን፣ ፈረስን ተካ የሚባልለት ካሚዮን፣ የፈረስ ራት ጭኖ ወደ ግንባር ሲወጣ ይታያል።